ዘይት ስለሚያፈስ የመሪ ራክ፤ ለባለመኪናና ለሾፌር የሚጠቅም ትምህርት

በአዳማና በስምጥ ሸለቆው ከተሞች የሚኖር ነጋዴ ሀብቱ በጎማ ላይ የሚሄድ ነው። የመቂና የባቱ ቲማቲም ሳይበላሽ ለገበያ የሚደርሰው፣ የሻሸመኔ እህል የሚጓጓዘው፣ ከሞጆ ደረቅ ወደብ የወጣውም ዕቃ ወደ ሱቅ የሚገባው በመኪና ነው። ከነዚህም መኪናዎች ብዙዎቹ ዕድሜ የጠገቡ መሆናቸው የታወቀ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት አስታወቀ። ስለዚህ አሮጌውን ጥሎ ሌላ መግዛት ቀላል ባለመሆኑ፣ በእጅ ያለውን መኪና በጥንቃቄ ማኖር የነጋዴው ተግባር ሆኗል። በአሮጌ መኪና ላይ ከሚታዩት ጉድለቶች አንዱ የመሪ ዘይት መፍሰስ ነው። ይህንን ጉድለት ብዙ ሰው ዘይት እየጨመረ ያልፈዋል። ነገር ግን ፍሳሹ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ፣ መጠኑም ሳይለካ ዘይት መጨመር በሽታን ሳያውቁ መድኃኒት እንደ መዋጥ ነው።

የመሪው አሠራር

በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ ለገበያ በቀረበ አውቶሞቢል ላይ የታየው በ1951 እ.ኤ.አ. በክራይስለር ኢምፔሪያል ነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። በመሪው ዘንግ ጫፍ ያለው ትንሽ ማርሽ ራክ የሚባለውን ጥርሳም ብረት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋል፤ ራኩም በሁለቱ ጫፎቹ በቴስቲናዎች አማካይነት ጎማዎቹን ያዞራል። በሞተሩ ኃይል የሚሠራው ፓምፕ ደግሞ ዘይቱን እየገፋ ሾፌሩን ያግዛል። በመሪው ላይ ኃይል በሚያርፍበት ጊዜ የዚህ ዘይት ግፊት ከ60 ባር በላይ ይደርሳል። የአውቶሞቢል ጎማ አየር ግፊት 2 ባር ያህል መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው የኃይሉ ብዛት ግልጽ ነው። ይህንን ሁሉ ግፊት የሚያግዱት በራኩ ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች ናቸው።

ራክ የሚገኘው በአብዛኞቹ አውቶሞቢሎችና ቪጎ እንደሚባለው ሃይሉክስ ባሉት ላይ ነው። እንደ አይሱዙ ኤን ፒ አር ያለው የጭነት መኪና በራክ ፈንታ የመሪ ሣጥን አለው። መሪያቸው በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ መኪናዎች ደግሞ የመሪ ዘይት የላቸውም።

ጉዳቱ የሚመጣበት ምክንያት

ጎማ በዕድሜና በሙቀት ብዛት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከአዳማ ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ የሚመላለስ መኪና ሙቀቱን በሚገባ ያውቀዋል። ከዚህ የሚብሰው ግን አቧራ ነው። በራኩ ጫፎች ላይ ያሉት እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፉ የጎማ መሸፈኛዎች ከተቀደዱ፣ የስምጥ ሸለቆው አቧራና የክረምቱ ጭቃ ገብቶ የለሰለሰውን ብረት ይፍቃል፣ ያዝገዋል። የተፋቀው ብረት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጎሚኒውን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ዋጋው አነስተኛ የሆነው መሸፈኛ በጊዜው ባለመለወጡ ውድ የሆነው ራክ ይጠፋል።

የፍሳሹን ቦታ ስለ መለየት

1ኛ፤ የሞተሩ የታች ክፍል በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ይድረቅ። በአሮጌ ቅባት በተሸፈነ ብረት ላይ የአዲሱን ፍሳሽ መነሻ ማወቅ አይቻልም።

2ኛ፤ ነጭ ካርቶን ከመኪናው ሥር ይነጠፍ። ሞተሩ ተነሥቶ፣ አንድ ሰው መሪውን ከዳር እስከ ዳር ጥቂት ጊዜ ያዙር። ነገር ግን መሪውን በመጨረሻው ዳር ከ5 ሰከንድ በላይ አጥብቆ መያዝ ፓምፑን ስለሚጎዳ የተከለከለ ነው።

3ኛ፤ ርጥበቱ በቱቦ መጋጠሚያ፣ በፓምፑ ወይም በዘይት መያዣው ላይ ከታየ ጥገናው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ራኩ ሳይነካ ቱቦ ወይም ማሰሪያ በመለወጥ ይድናል።

4ኛ፤ ሞተሩ ጠፍቶ የጎማ መሸፈኛው ማሰሪያ ይላላ። ከውስጡ ዘይት ከወጣ የራኩ የጫፍ ጎሚኒ ተበልቷል ማለት ነው። የመሪው ዘንግ ወደ ራኩ በሚገባበት ቦታ ዘይት ከታየም ጉዳቱ የራኩ ነው።

ይህንን ምርመራ ያላደረገ ባለመኪና የአንድ ቱቦ ጉድለት ይዞ ሄዶ የሙሉ ራክ ዋጋ ሊከፍል ይችላል።

ሊደረግ የማይገባው

የፍሬን ዘይት በመሪ ዘይት ቦታ ፈጽሞ መጨመር የለበትም፤ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ያበላሻቸዋልና። ብዙዎቹ የቶዮታ መኪናዎች የሚጠቀሙት ለአውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሆነውን ቀይ ዘይት ነው፤ ሌሎች ፋብሪካዎች ግን የየራሳቸውን ስለሚያዝዙ በመያዣው ክዳን ላይ ወይም በመመሪያው መጽሐፍ ያለውን ማንበብ ያስፈልጋል። ፍሳሽ ያቆማል ተብሎ የሚሸጠው መድኃኒትም የደረቀ ጎሚኒን ለጊዜው ሊያለሰልስ ይችላል፤ የተፋቀ ብረትን ግን አያድንም።

ጥገናና ሒሳብ

ራኩ በሚፈታበት ጊዜ ባለመኪናው ቢገኝ መልካም ነው። መካኒኩ ጥፍሩን በለሰለሰው ብረት ላይ ያሳልፍ፤ ጥፍሩ ከተያዘ አዲስ ጎሚኒ ቢገባም ብዙ አይቆይም። ብረቱ ደኅና ከሆነ ጎሚኒውን መለወጥ ይበቃል። ካልሆነ ሌላ ራክ መግዛት ይሻላል። ያገለገለ ራክ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚያስመጣ ሰውም ይህንኑ የጥፍር ምርመራ ገንዘቡን ሳይከፍል ያድርግ። ከገጠማው በኋላ አሮጌው ዘይት ተጠርጎ ይወጣል፤ የፊቱ ጎማዎች በክሪክ ተነሥተው፣ ሞተሩ ሳይነሣ መሪው ከዳር እስከ ዳር እየዞረ አየሩ ይወጣል። በመጨረሻም የጎማዎቹ አላይመንት ይስተካከላል፤ ይህ ከቀረ አዲስ ጎማ በጥቂት ወራት ያልቃል።

ሒሳቡም እንዲህ ነው። በሳምንት ሩብ ሊትር የሚያፈስ መኪና በዓመት 13 ሊትር ይጠጣል። የብዙ አውቶሞቢሎች መሪ የሚይዘው ግን 1 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። የ13 ሊትሩን ዋጋ ከጥገናው ጋር ያነጻጸረ ነጋዴ ትርፉ በየት በኩል እንደሆነ ይረዳል። ዘይት ያለቀበት ፓምፕ ደግሞ ደርቆ ሲሠራ ይቃጠላልና ወጪው እጥፍ ይሆናል።

ስለ ሾፌሩ

ከገንዘብ የሚበልጠው የሰው ሕይወት ነው። ለምሳሌ ሌሊት ከባቱ ቲማቲም ጭኖ የሚመጣ ሾፌር ዘይቱ በመንገድ ላይ ቢያልቅ፣ መሪው ከጎማው ጋር ባይለያይም በድንገት ይከብደዋል። ቀላል መሪ የለመደ እጅ በኩርባ ላይ ወይም ከብት በተሻገረበት ቦታ በቶሎ ላያዞረው ይችላል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ በፎሌ ቁልቁለት የሚወርድም ሾፌር፣ ፓምፑ ስለሚቆም፣ ራሱን በዚሁ አደጋ ላይ ይጥላል።

ሾፌሮች ይህንን ጉድለት አስቀድመው ያውቃሉ፤ ነገር ግን ባለንብረቱን በመፍራት ወይም የቀን ገቢ እንዳይቀር በማሰብ ዝም የሚሉ አሉ። ስለዚህ በመኪናው ውስጥ አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ ዘይት የተጨመረበት ቀን፣ መጠኑና የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ይጻፍበት። የሚጨመረው ዘይት ከሳምንት ወደ ሳምንት ከበዛ መኪናው ጭነት ሳይጭን ወደ ጋራዥ ይግባ። ጉድለት የነገረውን ሾፌር የሚቈጣ ባለንብረት ሁለተኛ አይነገረውም፤ የሚያመሰግነው ግን ንብረቱንም ሰውንም ያተርፋል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።