ገመናን መጠበቅ፦ ወጣቶቻችንና ማኅበራዊ ሚዲያ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ጠዳ፣ አንዲት ተማሪ የደንብ ልብሷን ለብሳ በደብሩ በር የተነሣችው ፎቶግራፍ፣ ስሟ ባይጻፍበትም ስለ እርሷ ብዙ ይናገራል። ልብሱ ትምህርት ቤቷን፣ በሩ ሰፈሯን፣ የተለጠፈበት ሰዓት የምትወጣ የምትገባበትን ጊዜ ይጠቁማል። ስለዚህ ወጣቶቻችንን አስቀድመን ልናስተምራቸው የሚገባን ገመና ማለት ነውር ብቻ አለመሆኑን ነው። ምንም ክፋት የሌለባቸው ጥቃቅን መረጃዎች ሲደማመሩ አድራሻ ይሆናሉ።

አድራሻ በክፉ ሰው እጅ ሲገባ የሚያስከትለው በክልላችን ታይቷል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ፎቶግራፋቸውና ማንነታቸውን የሚጠቁም መረጃ ከስም ማጥፋት ጋር በፌስቡክ ተሰራጨ፤ ጥቅምት 24 ቀን በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በናይሮቢ ከሰሰ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። መረጃውን ያሰራጩት ሌሎች ነበሩና፣ ወጣቶቻችን የራሳቸውን ብቻ ሳይሆን የጎረቤታቸውንም ገመና እንዲጠብቁ እናስተምር።

በጉባኤ ስንሰበስባቸው ስልካቸውን አውጥተው አብረውን ቢሠሩ ይሻላል፤ ምክር ብቻውን ቶሎ ይረሳል። በቴሌግራም የስልክ ቁጥራቸውን ማን እንደሚያይ ይወስኑ፤ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያብሩ፤ የመግቢያ ቁጥር ለማንም አይስጡ። ከጓደኛ «የመጣልህን ቁጥር ላክልኝ» የሚል መልእክት ቢደርሳቸው፣ የጓደኛው አካውንት ተሰርቆ ሊሆን ይችላልና ደውለው ይጠይቁ።

ከሁሉ የሚከብደው በፎቶግራፍ ማስፈራራት ነው። ልጅቱ ወላጆቿን ፈርታ ዝም ትላለች፤ አስፈራሪውም የሚተማመነው በዚሁ ዝምታ ነው። ምናልባት ቀድማ የምትነግረው ለንስሐ አባቷ ይሆናል። በዚያች ሰዓት «ለምን ላክሽ?» ማለት በሩን መዝጋት ነው። የንስሐ ምሥጢር የተጠበቀ በመሆኑ ካህኑ ራሱ ለሌላ አይናገርም፤ ነገር ግን ገንዘብም ሌላ ምስልም እንዳትልክ፣ መልእክቶቹን እንዳታጠፋ፣ ከምታምነው ዘመድ ጋር ወደ ፖሊስ እንድትሄድ ሊያበረታታት ይችላል። በኮምፒውተር አማካይነት ማስፈራራት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል።

ሰበካ ጉባኤያትም የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ወይም እርዳታ የሚቀበሉ ቤተሰቦችን ምስል ከመለጠፋቸው በፊት ፈቃድ ይጠይቁ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። እህል ሲቀበል የተነሣ ሕፃን፣ ከዓመታት በኋላ በዚያው ምስል የክፍል ጓደኞቹ መሳለቂያ ሊሆን ይችላል። ለዘገባ ካስፈለገ ፊቱን ትቶ እህሉንና እጆቹን ማንሣት ይቻላል።