የብሽሽት ሕመምና የዳሌ መገጣጠሚያ

በገዳሪፍ አካባቢ የሰሊጥ አጨዳ የሚደርሰው በጥቅምት ወር ገደማ ነው። በኡም ራኩባ፣ በቱናይድባ ወይም በድንበሩ ዙሪያ በቀን ሥራ የሚተዳደሩ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ መዋል ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቁታል። ከሥራ በኋላ ብሽሽትዎን የሚወጋ ሕመም ይሰማዎታል? እንግዲያውስ ይህን ያንብቡ።

ሕመሙ ከምን ይመጣል?

የጭን አጥንት ክብ ራስ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ይዞራል። በአንዳንድ ሰዎች የክቡ ራስ ጎን ያበጠ፣ ወይም የጎድጓዳው ጠርዝ ወጣ ያለ ነው። ጉልበት ወደ ደረት ሲጠጋ ሁለቱ አጥንቶች ይነካካሉ፤ በመካከላቸው ያለው ለስላሳ ክፍልም ይጎዳል። እንዲህ ያለ ቅርጽ ኖሯቸው ምንም የማያማቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

ምልክቶቹ

• ቁጢጥ ሲሉ ወይም ረጅም ሰዓት ሲቀመጡ ብሽሽትን ማመም
• ጫማ ሲያደርጉ ወይም መኪና ላይ ሲወጡ ማመም
• ዳሌ እንደ ልብ አለመታጠፍ

ምን ያድርጉ?

1. ሥራዎን ፈጽመው አያቁሙ፤ አቀማመጥዎን ይለውጡ። ሲያርሙ ቁጢጥ ከማለት በአንድ ጉልበት ይንበርከኩ። ከሚያጭዱት ጋር ተነጋግረው ነዶ ማሰሩን ይቀያየሩ።
2. ቡና ሲያፈሉ ከፍ ያለ በርጩማ ይጠቀሙ።
3. በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን አጥፈው መቀመጫዎን ከመሬት ያንሱ። እስከ አምስት ቆጥረው ያውርዱ። ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ጊዜ ይሥሩ። ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ተስፋ አይቁረጡ። ሕመሙን ካባሰው ግን ያቁሙ።
4. ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይረዳል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ጨጓራዎን የሚያምዎ ከሆነ ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ያለ ጤና ሠራተኛ ምክር አይውሰዱ።
5. ወጌሻ እግርዎን እንዲጎትት ወይም እንዲጠመዝዝ አይፍቀዱ።

ማሳሰቢያ፦ ዳሌን የሚያም ሁሉ ይህ ሕመም አይደለም። ከሚከተሉት አንዱን ካዩ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

• ትኩሳት ኖሮ እግርን መርገጥ አለመቻል፦ መገጣጠሚያው መግል ይዞ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን መታከም ይገባል።
• ከወደቁ በኋላ መቆም አለመቻል፦ ስብራት ሊሆን ይችላል።
• የሌሊት ላብ፣ መክሳትና ቀስ በቀስ የሚብስ ሕመም፦ የአጥንት ሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ሊሆን ይችላል፤ በመድኃኒት ይድናል።
• ሕፃን ልጅ ማነከስ ከጀመረ፦ «ጨዋታ ላይ ወድቆ ነው» ብለው አይተዉት።

ያነበቡትን ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶችዎም ይንገሩ።