ምዕራፍ 9፦ መጣ ሄደ የሚል የሳተላይት ሰዓት

ጨርሶ የሞተ ዕቃ ብዙ አያስቸግርም፤ ይጣላል ወይም ይጠገናል። የሚያንገበግበው ጠዋት ደህና ውሎ ከሰዓት የሚጠፋው ነው። ሰርቨሩ ከጂፒኤስ ሰዓት እየወሰደ ቆይቶ ድንገት ሲቋረጥበት፣ አብዛኞቻችን ሳናጣራ ሌላ መቀበያ ለመግዛት እንጣደፋለን።

ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ ሰርቨር የሚያስተዳድር ወዳጄም ይህንኑ አደረገ። ክረምት ነበር። አዲሱ መቀበያ ሦስት ቀን ሠርቶ እንደ ፊተኛው ሆነ። ሲጠራኝ "ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚጠፋው?" አልኩት። "አንዳንዴ" አለኝ። ደብተር አስያዝኩት።

ይህን የደብተር ነገር አጥብቄ እመክራለሁ። ሊኑክስ ላይ ሰዓት የሚያስተካክለው ፕሮግራም ክሮኒ የሰዓት ምንጮቹን ሲዘረዝር "ሪች" የሚል ዓምድ አለ። 377 ካለ ያለፉት 8 ሙከራዎች ሁሉ ተሳክተዋል ማለት ነው፤ የመጨረሻው ሲያመልጥ 376 ይሆናል፤ 0 ካለ ስምንቱም ከሽፈዋል። ቁጥሩን በየሰዓቱ ጻፉ፤ ከጎኑ ዝናብና የመብራት መጥፋትን መዝግቡ። ታዲያ የእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት በሰርቨሩ መዝገብ 15፡00፣ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ደግሞ 12፡00 ሆኖ ይገኛልና በአንዱ ብቻ ጻፉ።

በአምስተኛው ቀን ነገሩ ታወቀ፤ ቁጥሩ የሚወርደው ሁልጊዜ ዝናብ ከጣለ በኋላ ነው። ዝናብ ራሱ የጂፒኤስን ሞገድ እምብዛም አይጎዳውም። ስለዚህ ዝናቡ የሚያርሰውን ነገር ፍለጋ መሰላል ተውሰን ወጣን። አንቴናው ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ተወሽቋል፤ ግማሹ ሰማይ አይታየውም። የገመዱን ኮኔክተር ስፈታው ውሃ መዳፌ ላይ ጠብ አለ፤ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚመጣ ሞገድ እኛ ዘንድ ሲደርስ እጅግ ደካማ ነው፤ ለእሱ ይህች ውሃ ብዙ ናት።

የገጠሙት ሰዎች ኮኔክተሩን ሳይጠቀልሉ ነበር የሄዱት። በዚህ ሆዴ ይቃጠላል። የከተማችንን ጣሪያዎች ቀና ብላችሁ እዩ፤ የዲሽ ገመዱ ሁሉ ተንጠልጥሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ገጣሚው ምስል ከመጣለት ሒሳቡን ተቀብሎ ይወርዳል፤ ክረምት መኖሩን ማንም አያስብም። ባለቤቱም ወጥቶ አያይም። የጥቂት ብር ናስትሮ ጠፍቶ በውጭ ምንዛሪ የገባ ዕቃ ሁለቴ ይገዛል። ይህ ድህነት አይደለም፤ የሰውን ሥራ እንደ ራስ ሥራ አለማየት ነው።

የገመዱን ጫፍ ቆርጠን ኮኔክተሩን ቀየርን፤ ውሃ በማያስገባ የጎማ ናስትሮ አጥብቀን ጠቀለልን፤ አንቴናውን በብረት ቱቦ ከጣሪያው በላይ አወጣነው። ገመዱም ግድግዳው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዞር ብሎ እንዲወጣ አደረግን፤ ውሃው እዚያው ይንጠባጠባል። በማግስቱ ከሰዓት ወዳጄ ደወለ። ቆርቆሮው ከዝናቡ ብዛት እየጮኸ ድምፁ አልሰማ ሲለኝ እየደጋገመ የነገረኝ ቁጥር 377 ነበር።

ደብተራችሁ ከዝናብ ጋር ካልገጠመ መቀበያው የተሰካበትን የዩኤስቢ ወደብ ኃይል ቆጣቢ አጥፉ። መቀበያውን የሚያነበውን ፕሮግራም ጂፒኤስዲንም "ኤን" በሚለው አማራጭ አስነሡት፤ ያለዚያ ጠያቂ ፕሮግራም እስኪመጣ መቀበያውን ሳያነብ ይቀመጣል። ለመጠባበቂያ ቢያንስ 3 የኔትወርክ የሰዓት ምንጮች ጨምሩ።