ሐረጎን ለሚወርድ ቮልስ፦ በቤት የሚሠራ ጥገናና ማሻሻያ

ድሬዳዋ የሚያድር ቮልስና ቦሩ ሜዳ የሚያድር ቮልስ ከአንድ ፋብሪካ ቢወጡም ኑሯቸው ለየቅል ነው። የእኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ባለ ሜዳ ላይ ውርጭ ሲመታው ያድራል። ጠዋት ደሴን አቋርጦ ሐረጎን ይወርዳል፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ባለው ወደ 25 ኪሎ ሜትር በሚሆን ጠመዝማዛ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ሙቀት ውስጥ ይገባል። ማታ ያንኑ ዳገት ተሸክሞን ይመለሳል። ስለዚህ ሌላው ጥገናን ከሞተር ይጀምር ይሆናል፤ እኔ ከፍሬን ነው የምጀምረው።

አሮጌ መኪና መያዝ ዛሬ የናፍቆት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። የመጨረሻው ቮልስ ሜክሲኮ ፑየብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ነው። በእጃችን ያለው እንዳይሞት መጠበቅ የእኛ ፈንታ ነው። ደግነቱ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራ መኪና ስለሆነ ዕቃው አልጠፋም፤ ደሴ የታጣ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ይፈለጋል።

የሚያስፈልግዎ መሣሪያ ብዙ አይደለም፦ ጠፍጣፋ ካቻቪቴ፣ 7፣ 10፣ 13፣ 19 እና 21 ቁጥር ቁልፎች፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ፊለር ጌጅ፣ ክሪክ፣ ንጹሕ ጨርቅ። ክሪክን ብቻ አምነው መኪና ሥር አይግቡ። መሬት ላይ በሚቀሩት ጎማዎች ፊትና ኋላ ድንጋይ ይደግፉ፤ መኪናውን ካነሡ በኋላም በካቫሌቶ ወይም በወፍራም ግንድ ያስደግፉት። ቦሩ ሜዳ በክረምት መሬቱ ይረሰርሳል፤ ክሪኩ እንዳይሰምጥ ከሥሩ ሰፊ ሳንቃ ያድርጉ።

ሌላም ነገር አለ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። የወንበሩ የብረት ምንጭ በሰው ክብደት ተጭኖ የባትሪውን ሁለት ጫፎች ከነካ እሳት ይነሣል፤ በዚህ የተቃጠለ ቮልስ ጥቂት አይደለም። የባትሪው መክደኛ ከጠፋ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ቆርጠው ይክደኑት። ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ዛሬውኑ ይሥሩት።

ፍሬን

አንድ ክረምት ከደሴ ስወርድ፣ ሐረጎ አጋማሽ ላይ የፍሬን ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ሰጠመ። ደግሜ ብረግጥ መሬት ነካ። ማርሹን ወደ ሁለተኛ አውርጄ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ስቤ፣ በገደሉ ተቃራኒ ያለውን የመንገድ ጠርዝ ተጠግቼ ቆምኩ። የእጅ ፍሬን በዘይት ሳይሆን በገመድ የሚሠራ መሆኑ አተረፈኝ። ግማሽ ሰዓት ቆሜ ስመለስ ፔዳሉ እንደ ድሮው ጠጣር ሆኖ አገኘሁት። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ደሴ ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወስጄው የዘይቱን ማጠራቀሚያ ከፍተው አዩና፣ «ልጄ፣ ይኸ ዘይት ውኃ ጠጥቷል» አሉኝ።

ነገሩ እንደተናገሩት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም፤ ውኃ ከሳበ በኋላ ግን ደረጃው ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ሲሆን 230 እና 155 ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ደጋግመው ሲይዙ ታምቡሩ ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ያልፋል፣ ዘይቱ ይፈላል። የፈላው እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት እንደ ዘይት አይገፋም፣ ይጨመቃል። ሲበርድ ተመልሶ ፈሳሽ ስለሚሆን ፔዳሉም ይመለሳል። ፍሬኑ «የተሻለው» የመሰለኝ ለዚህ ነበር።

ዘይቱን መቀየር ሁለት ሰው ይፈልጋል። የፊት ኮፈኑን ከፍተው ማጠራቀሚያውን ይዩ፤ ዘይቱ ስስ ማር ከመሰለ ደህና ነው፣ ቡናማ ከሆነ ጊዜው አልፏል። ከማጠራቀሚያው በጣም ከራቀው ጎማ ይጀምሩ፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ በመጨረሻ የፊት ግራ። በማስተንፈሻው ጫፍ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ ሰክተው ሌላውን ጫፍ ጥቂት ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይንከሩት። ረዳትዎ ፔዳሉን ረግጦ «ያዝኩ» ሲል በ7 ቁልፍ ግማሽ ዙር ይፍቱ፤ ዘይቱ ከወጣ በኋላ ይዝጉ፤ «ልቀቅ» የሚሉት ከዘጉ በኋላ ብቻ ነው። ቀድሞ ከለቀቀ አየር ይገባል፣ ሥራውም ከመጀመሪያ ነው። የሚወጣው ዘይት አረፋ አልባና ንጹሕ እስኪሆን ይደጋግሙት። በየመሃሉ ማጠራቀሚያውን ይሙሉ፤ ባዶ ከሆነ አየር ይስባል።

በተለምዶ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል ይባላል። እኔ ግን ክረምቱ እንዳለፈ በየመስከረሙ እቀይራለሁ፤ የዘይቱ ዋጋ ከሐረጎ ገደል ጋር አይወዳደርም። የሞተር ዘይት ወይም ሌላ የማዕድን ዘይት በፍሬን ማጠራቀሚያ ውስጥ በፍጹም አይጨምሩ፤ የውስጥ ጎማዎቹን አሳብጦ ፖምፓውን ያበላሻል። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ሳይውል ሳያድር በውኃ ይጠቡት፤ ቀለም ይልጣል።

የፍሬን ሸራውን ለማጥበቅ ጎማውን አንሥተው በማስተካከያው ቀዳዳ ካቻቪቴ ያስገቡና ጥርስ ያለውን ማስተካከያ ጎማው እስኪይዝ ያዙሩ፤ ከዚያ በነጻነት እስኪሽከረከር ሁለት ወይም ሦስት ጥርስ ይመልሱት። እያንዳንዱ ጎማ ሁለት ማስተካከያ አለው። ታምቡር ከከፈቱ ውስጡ ያለውን ብናኝ በአፍዎም ሆነ በአየር አይንፉት፤ የድሮ ሸራ ሳምባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት።

ቫልቭ

በሳምንቱ መጨረሻ፣ ፀሐይ ሳትሞቅ፣ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ላይ ያደረ ሲሆን ነው ቫልቭ የምለካው። ቮልስ ውኃ የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው ነፋስና ዘይት ነው። የቫልቭ ክፍተት የሚለካውም ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፤ ለብ ያለ ሞተር ልኩን ያሳስታል።

በስፒንትሮጂኖው ክዳን ሥር ያለው ሮተር ወደ 1ኛው ሲሊንደር ምልክት እስኪያይ ድረስ ሞተሩን በዲናሞው ፑሌጃ ዳዶ ላይ 21 ቁልፍ አድርገው ያዙሩ። ወደ ፊት ሲመለከቱ 1ኛው በቀኝ ፊት፣ 2ኛው በቀኝ ኋላ፣ 3ኛው በግራ ፊት፣ 4ኛው በግራ ኋላ ነው። የቫልቭ ክዳኑን የያዘውን ሽቦ በካቻቪቴ ወደ ታች ገፍተው ያውርዱ፤ ጥቂት ዘይት ይንጠባጠባልና ሥሩ ዕቃ ያድርጉ። ለብዙዎቹ ሞተሮች ክፍተቱ ለማስገቢያውም ለማስወጫውም 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሞተሩ ላይ የፋብሪካ ተለጣፊ ከተረፈና ሌላ ቁጥር ከሰጠ ግን የእሱን ይከተሉ። ፊለር ጌጁን ያስገቡ። በሁለት ጣት መሃል የተያዘ ወረቀት ሲሳብ ያለውን ያህል ያዝ ካደረገ ልክ ነው። ካልሆነ ዳዶውን በ13 ቁልፍ አላልተው ብሎኑን በካቻቪቴ ያስተካክሉ፤ ዳዶውን ሲያጠብቁት ብሎኑ አብሮ ስለሚዞር እንደገና ይለኩ። የመጀመሪያ ጊዜ ስሠራ ይህን ሁለተኛ ልኬት ዘልዬው ነበርና አራቱን ሲሊንደር መልሼ ለመሥራት ተገደድኩ። ከዚያ የሞተሩን ትልቅ ፑሌጃ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ግማሽ ዙር አዙረው ወደ 2ኛው፣ ቀጥሎ ወደ 3ኛው፣ ወደ 4ኛው ይሂዱ።

ብዙ ሰው የሚንኳኳ ቫልቭ ሲሰማ ይጨነቃል፣ ጸጥ ያለ ሞተር ሲሰማ ይደሰታል። በቮልስ ነገሩ ሌላ ነው። የሚንኳኳው ክፍተት አለው ማለት ነው፤ እሱ አይቃጠልም። ክፍተት ያጣ ማስወጫ ቫልቭ ግን ድምፅ ሳያሰማ መቀመጫውን በደንብ መንካት ያቆማል፣ ሙቀቱን ማስተላለፍ ያቅተዋል፣ ይቃጠላል። በተለይ የ3ኛውን ሲሊንደር በጥንቃቄ ይለኩ፤ በቀደሙት ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው የነፋስ መንገዱ ላይ ስለተቀመጠ ይህ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይልቅ ይሞቃል። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት ሲቀይሩ ቫልቩንም አብረው ይዩ።

ዘይቱ ራሱ ወደ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ግማሽ ሊትር መጉደል በዚህ ሞተር ትልቅ ጉዳይ ነው። ዋናው ኤስኤኢ 30 ነው፤ 20ደብሊው-50ም ይሠራል። የታችኛውን ወንፊት ሲያጥቡ የሚይዙትን ስድስት ትንንሽ ዳዶዎች በኃይል አያጥብቋቸው፤ የሞተሩ አካል ለስላሳ ስለሆነ ጥርሱ ይነቀላል። ቁልፉን በጣት ይዞ ማጥበቅ ይበቃል።

ስስ አየርና ካርቡራተር

ቦሩ ሜዳ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ሞተሩም በዚያው መጠን ጉልበት ያጣል፤ ይህን የሚመልስ ጥገና የለም። ነገር ግን ካርቡራተሩ ለወፍራም አየር የተመጠነ ቤንዚን ማፍሰሱን ይቀጥላል። ካንዴላ ፈትተው ይዩ፦ ጥላሸት የለበሰ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ የተቆላ ገብስ የመሰለ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው፤ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል፣ ይህ አደገኛው ነው። ጥቁር ከሆነብዎ ዋናውን ጂግለር፣ ያችን ቀዳዳ ያላት የነሐስ ብሎን፣ በአንድ ደረጃ ያሳንሷት፤ 125 ከሆነች 120። የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር፣ የካንዴላው 0.6 ወይም 0.7 መሆኑን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ደካማ እሳትም ካንዴላ ያጠቁራል።

ያወለቋትን ትልቅ ጂግለር አይጣሏት፤ በክብሪት ቀፎ አድርገው መኪናው ውስጥ ያስቀምጧት። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርዱ ከሆነ መልሰው መግጠም አለብዎ። በደጋ ልክ የተመጠነ ቤንዚን በቆላ ወፍራም አየር ላይ ያንሳል፤ ያነሰ ቤንዚን ሙቀት ይጨምራል፤ የሚቃጠለውም ያ በ0.15 የለኩት ቫልቭ ነው።

ከካርቡራተሩ ሳይርቁ የቤንዚን ጎማ ቱቦዎችን በጣትዎ አጥፈው ይዩ። ስንጥቅ ካሳዩ ሁሉንም በአንድ ቀን ይቀይሩ፣ በማሰሪያም ይጠፍሯቸው። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ቤንዚን ቢንጠባጠብ ሹፌሩ አያየውም። ቺንጋውንም በአውራ ጣት ይጫኑት፦ ወደ 15 ሚሊ ሜትር ሊሰጥ ይገባል። በመንገድ ላይ ቀይዋ የዲናሞ መብራት ከበራች ወዲያው ይቁሙ፤ ቺንጋው ከተበጠሰ ማራገቢያውም አብሮ ቆሟል። መለዋወጫ ቺንጋ ሁልጊዜ ይያዙ።

ምን ይሻሻል?

ብዙ ወጣቶች ትልቅ ካርቡራተርና ሰፊ ጎማ ነው የሚያስቡት። እኔ ገንዘቡን በዚህ ቅደም ተከተል አወጣለሁ። አንደኛ፣ መኪናው የፍሬን ፖምፓው ነጠላ ከሆነ ባለሁለት ክፍል ፖምፓ፤ በነጠላው አንድ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል፣ በባለሁለቱ ግን ግማሹ ይቀራል። ይህን ግን ከሚያውቅ መካኒክ ጋር ይሥሩት። ሁለተኛ፣ የደኅንነት ቀበቶ፣ ከወንበሩ ሳይሆን ከአካሉ ብረት ጋር የታሰረ። ሦስተኛ፣ ባለ6 ቮልት ከሆነ ወደ 12 መለወጥ፤ አምፖሎቹ፣ ቮቢናው፣ ባትሪውና ዲናሞው አብረው ይለወጣሉ። የደሴን ጉም በ6 ቮልት መብራት የነዳ ሰው ለምን እንደምለው ያውቃል። አራተኛ፣ ፑንቲናውን የሚተካ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ፤ ደህና ነው፣ ግን ሲሞት ማስጠንቀቂያ የለውም። አሮጌውን ፑንቲናና ኮንደንሰር ከጂግለሯ ጎን ያስቀምጡ።

ሥራው ሲያልቅ ወዲያው ወደ ሐረጎ አይውረዱ። መጀመሪያ እዚያው ሜዳው ላይ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሄደው ፍሬን አጥብቀው ይያዙ፤ መኪናው ወደ አንድ ጎን ከጎተተ ሸራው እኩል አልተስተካከለም። ቀጥ ብሎ ከቆመ በ40 ይድገሙት። ከዚያ ደሴ ደርሰው ይመለሱና የአራቱን ታምቡሮች ሙቀት እጅዎን አስጠግተው ያወዳድሩ፤ አንዱ ብቻ ከጋለ ሸራው አልለቀቀም። አራቱም ከተመሳሰሉ በማግስቱ፣ ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ፣ ኮምቦልቻ ይውረዱ።