የበረንዳ አትክልት በሙቀት ወራት፦ ከቅጠሉ በፊት ሥሩን ያቀዝቅዙ

የከተማ ግብርና ምክር፤ ለድሬዳዋና ለመሰል ቆላማ ከተሞች የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል፤ የሚያልፍበትም ቀን አለ። በእነዚህ ወራት በረንዳቸው ላይ አትክልት የሚያለሙ ቤተሰቦች ደጋግመው የሚነግሩን ነገር አንድ ነው፤ ውሃ ሳይጎድለው ተክሉ ደረቀ።

የሚሉት እውነት ነው። ማሳ ላይ ያለ ተክል ሥሩን ወደ ቀዝቃዛው የአፈር ጥልቀት ይሰዳል። ጀሪካን ውስጥ ያለው ግን መሸሻ የለውም፤ ከጎን ፀሐይ፣ ከሥር የጋለ ሲሚንቶ ይጠብሰዋል። ሥሩ ሲግል ውሃ መሳብ ያቅተዋል፤ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ይጠወልጋል። ባለቤቱ ውሃ የጠማው መስሎት ሲጨምርበት ደግሞ ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ የምክራችን ዋና ነጥብ ሥሩን ማቀዝቀዝ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ፀሐይ በሚመታው የጀሪካኑ ጎን መዳፍዎን ያሳርፉ። እጅዎ እዚያ መቆየት ካልቻለ፣ ሥሩም አልቻለም።

1. ዕቃውን ማቀዝቀዝ

ለአንድ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ደበርጃን 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ይበቃል። አፉን ቆርጠው ከሥሩ አምስት ስድስት ቦታ ይብሱት። ኬሚካል ወይም ፀረ ተባይ የተያዘበትን ዕቃ ፈጽሞ አይጠቀሙ። ጥቁር ዕቃ ሙቀት ስለሚስብ ውጪውን ነጭ ኖራ ይቀቡት።

ከዚያ ጀሪካኑን በጆንያ ጠቅልለው ጆንያውን ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ያርጥቡት። እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘው እርጥበቱ በጎኑ እየተነነ ነው፤ እርጥቡ ጆንያም ለሥሩ ይህንኑ ያደርጋል። ጀሪካኑን ሲሚንቶ ላይ በቀጥታ አያስቀምጡት፤ ሁለት ጡብ ወይም ጣውላ ከሥሩ ያድርጉለት።

በረንዳዎ ወደ ምዕራብ የዞረ ከሆነ ከ7 ሰዓት በኋላ ያለውን ፀሐይ በጥላ መረብ ወይም በስስ ነጭ ጨርቅ ይከልሉ። አየር እንዳይታፈን ከላይና ከታች ክፍት ይተዉ።

ለክብደቱም ይጠንቀቁ። አፈር የሞላና ውሃ የጠጣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 30 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በግድግዳው ጥግ ይደርድሩ እንጂ አጥሩ ላይ አይስቀሉ፤ ከታች ሰው ያልፋል።

2. አፈሩን ማዘጋጀት

ሁለት እጅ ለም አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ይቀላቅሉ። መረሬ አፈር ብቻውን አይሆንም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ውሃው በስንጥቁ ሾልኮ ይወርዳል። ከላይ የአራት ጣት ያህል ጭድ ወይም የቡና ገለፈት ይጎዝጉዙ። የጫት ገራባ ግን ብዙ ጊዜ ፀረ ተባይ የተረጨበት ስለሆነ ለዚህ አይጠቀሙበት። ሙቀቱ በበረታበት ሳምንት ዩሪያ አይጨምሩ።

3. ውሃ አጠጣጥ

ማለዳ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ያጠጡ። አስቀድመው ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ይክተቱ፤ እርጥብ ከሆነ ይተዉት። ደረቅ ከሆነ ውሃው ከታች እስኪንጠባጠብ ቀስ ብለው ያጠጡ። ፀሐይ ላይ የዋለ ውሃ ሥሩን ስለሚጎዳ በጥላ ያቆዩትን ይጠቀሙ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሃይላንድ ፕላስቲክ ይረዳል። ክዳኑን በመርፌ ሁለት ቦታ በስተው፣ ቂጡን ቆርጠው፣ ክዳኑን ወደ ታች አድርገው ከተክሉ ጎን ይቅበሩትና ውሃ ይሙሉት፤ ቀስ እያለ ሥሩን ያርሳል። አትክልትና ሩዝ የታጠበበት ውሃም ይሆናል፤ ሳሙና የነካው ግን አይሆንም።

የድሬዳዋ ውሃ ጠጣር ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወው ነጭ ቅርፊት አፈሩም ላይ ይቀራል። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቀን ከወትሮው እጥፍ ውሃ አጠጥተው ጨዉን ወደ ታች ያጥቡት።

4. ምን፣ መቼ ይተከል?

ቲማቲም ቀን ከ35፣ ሌሊት ከ24 ዲግሪ በላይ ሲሞቅበት የአበባው ብናኝ ይደክማል፤ አበባውም ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል። ችግኙን በመስከረምና በጥቅምት ቢተክሉ ሙቀቱ ሳይበረታ ይለቅማሉ። ሰላጣም ሲሞቀው ቶሎ ወደ አበባ ሄዶ ይመራል፤ እሱንም በጥቅምትና በኅዳር ይዝሩት።

ለሙቀት ወራት የሚሆኑት ባሚያ፣ ደበርጃንና፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ ካገኘ፣ ቆስጣ ናቸው። የባሚያውን ዘር ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድረው እዚያው ጀሪካኑ ላይ ይዝሩ። በሁለት ወር ገደማ ይደርሳል፤ ፍሬው የጣት ርዝመት ሳያልፍ በየሁለት ቀኑ ይልቀሙ፤ ካለፈ ይጠነክራል። ከቆስጣ የውጪውን ቅጠል ብቻ ይቁረጡ።

ከፍራፍሬ ሎሚ ይመረጣል። የተዳቀለ ችግኝ ይግዙ፤ ቢያንስ 50 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ያስፈልገዋል።

5. ምልክቶቹን ማንበብ

• ቅጠሉ ቀትር ላይ ጠውልጎ ማታ ከቀና፦ ጥላ እንጂ ውሃ አልጎደለውም። ጠዋትም ጠውልጎ ካገኙት አፈሩን በጣት ይፈትሹ።
• የቲማቲሙ ቂጥ ከጠቆረ፦ ውሃው አንድ ቀን በዝቶ ሌላ ቀን ጠፍቶበታል፤ አጠጣጡን እኩል ያድርጉ።
• ፍሬው ላይ ነጭ ቃጠሎ ከታየ፦ ፀሐይ መትቶታል፤ ቅጠሉን አይመልምሉ።
• ቅጠሉ ነጠብጣብ አውጥቶ ከሥሩ ስስ ድር ከታየ፦ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ተባይ ነው። የቅጠሉን ጀርባ በውሃ ይጠቡ፤ ካልለቀቀ በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይርጩ።

ውድ አልሚዎች፣ ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ዛሬ መሥራት ከቻሉ ጆንያውን ይጠቅልሉ። ነገ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተመልሰው መዳፍዎን ጀሪካኑ ላይ ያሳርፉ፤ ቀዝቅዞ ካገኙት ቀሪውን ሥራ ሥሩ ራሱ ይሠራዋል።