ጠዋት ሐሩር፣ ከሰዓት በረዶ፦ የለገጣፎ ነዋሪዎች ጥያቄ

በበልግ ማብቂያ ለገጣፎ ሁለት ዓይነት አየር በአንድ ቀን ታስተናግዳለች። ጠዋት ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ከቀኑ 8 ሰዓት አለፍ ሲል ሰማዩ በየረር ተራራ በኩል ይጠቁርና፣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው እርስ በርስ እስከማይደማመጥ ድረስ በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እንዲህ ያለ ሳምንት ሲመጣ ሁሉም ሕመም “ብርድ ነው” ይባላል። አብዛኛው ግን ብርድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ8 ዓመት ልጄ አስም አለባት። ሰሞኑን ነጎድጓድ ባለ ቁጥር ማታ ማታ ደረቷ ሲጥ ሲጥ ይላል። ብርድ ነው ስለተባልኩ ጋቢ ደርቤላት፣ መስኮት ዘግቼ፣ ከሰል አስገብቼ አሞቃታለሁ። ግን እየባሰባት ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ከሰሉን ዛሬውኑ ከቤት ያውጡልኝ። ልጅዎን እያሞቃት ሳይሆን እያፈናት ነው። “ፍም ሆኖ ጭሱ ካለቀ አይጎዳም” የሚባለውን በየጊዜው እሰማለሁ፤ በጣም የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ከቀላው ፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ኦክስጅን በደማችን ውስጥ የሚይዘውን ቦታ ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ጉልበት ይቀማል። ጤነኛውንም ሰው በእንቅልፉ ይገድላል። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ካዞረውና ካቅለሸለሸው፣ ውጭ ሲወጣም ቀለል ካለው፣ ምክንያቱ ከሰሉ ነው። ሎሚ በማሽተት ጊዜ አይባክን፤ ሁሉም ንጹሕ አየር ወዳለበት ይውጣና ኦክስጅን ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ይሂድ።

ወደ ነጎድጓዱ ልመለስ። የሚያባብስባት ብርዱ ብቻ አይደለም። ዝናብ ሊጥል ሲል የሚነሣው ነፋስ የሣርና የአበባ ብናኝ ያነሣል። ብናኙ እርጥበት ሲያገኘው ፈንድቶ እጅግ ወደ ደቀቁ ቅንጣቶች ይለወጣል፤ እነዚህ አፍንጫ ላይ ሳይቀሩ እስከ ሳንባ ድረስ ይዘልቃሉ። በአውስትራሊያዋ ሜልቦርን ኅዳር 12 ቀን 2009 ዓ.ም. የተነሣ አንድ ነጎድጓዳማ ማዕበል በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ወደ ሆስፒታል አስሮጧል፤ 10 ሰዎችም ሞተዋል። ከተጎዱት መካከል ከዚያ በፊት አስም እንዳለባቸው የማያውቁ ነበሩ። ስለዚህ ደመናው ሲጠቁርና ነፋሱ ሲነሣ ልጅዎን ከደጅ ያስገቧት፣ መስኮቱን ይዝጉ። ዝናቡ ቆሞ አየሩ ሲረጋ ደግሞ ቤቱን ያናፍሱት።

ደረቷ ሲጥ ሲጥ ሲል የሚሰጧትን፣ ፓፍ የምትሉትን ሳልቡታሞል በቀጥታ አፏ ውስጥ ቢነፉት አብዛኛው ጉሮሮዋ ላይ ይቀራል። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ባዶ የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ይውሰዱና ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ይብሱት። ፓፉን እዚያ ይሰኩና ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉት። ልጅቷ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሯ ግጥም ታድርግ። ፓፉን ነቅንቀው አንድ ጊዜ ይጫኑ፤ እሷ ቀስ ብላ 5 ወይም 6 ጊዜ ከጠርሙሱ ትተንፍስ። ከዚያ እንደገና፣ እስከ 4 ጊዜ። በ20 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻላት ሐኪም ቤት ይውሰዷት። የጎድን አጥንቶቿ መሀል ወደ ውስጥ እየተሳበ ከሆነ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታት ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ ግን 20 ደቂቃውንም አይጠብቁ፤ ፓፉን በመንገድ ላይ እየሰጧት ይሂዱ። በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት ታዞላት ከሆነ፣ በተለይ በዚህ ወር ተሽሏታል ብለው እንዳያቋርጡት አደራ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ለለገዳዲ ግድብ ቅርብ ነው። ግን ከዝናብ በኋላ ከቧንቧ የሚመጣው ውሃ ይደፈርሳል። ትንሹ ልጄም ተቅማጥ ይዞታል።

መልስ፦ ግድቡ ቅርብ መሆኑ ለእርስዎ ቧንቧ ዋስትና አይደለም። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ፣ በመስመሩ ውስጥ ግፊት በሌለበት ሰዓት የጎርፍ ውሃ በተሰነጠቀው በኩል ይገባል። የደፈረሰውን አጥልሉና አፍሉት። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ውሃ አጋር የተባለውን የውሃ ማከሚያ የምትጠቀሙ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ልክ ጠብቁ። ለልጁ አንድ ከረጢት ኦ አር ኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው ጥቂት በጥቂት ይስጡት፤ ከጤና ጣቢያም ዚንክ ይቀበሉ። ጡት የሚጠባ ከሆነ አያቋርጡት። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ሰገራው እንደ ሩዝ ውሃ ከሆነ በቤት አይያዝ።

ጥያቄ፦ አማቴ ቀይ ልብስና ሞባይል መብረቅ ይስባል ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይስብም፤ ሶኬት ላይ የተሰካ ስልክ ግን ይነቀል። የሚያስፈራኝ ዝናብ ለመጠለል ባሕር ዛፍ ሥር የሚቆመው ሰው ነው። ብልጭታውን አይተው ድምፁን እስኪሰሙ 30 ሳይቆጥሩ ከነጎደ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ወዲህ ነውና ቤት ወይም መኪና ውስጥ ይግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ካለፈ በኋላ 30 ደቂቃ ይቆዩ። በመብረቅ የተመታ ሰው ገላው ላይ ኤሌክትሪክ አይቀርም፤ ሳትፈሩ ንኩት። ትንፋሹ ከቆመ ደረቱን መሀል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል ተጫኑ፤ ሌላ ሰው ለአምቡላንስ ወደ 907 ይደውል። ልቡ በዚህ ሊመለስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴን ምች መታው። ከንፈሩ ቆስሏል፣ ያተኩሰዋል። ዳማከሴ ይበቃዋል?

መልስ፦ በከንፈር ላይ የሚወጣው ውሃ የቋጠረ ቁስል በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ቫይረስ የሚያመጣው ነው፤ ኃይለኛ ፀሐይና ትኩሳት ይቀሰቅሱታል። ባብዛኛው በራሱ ይድናል። ዳማከሴውን አልከለክልም። ቁስሉን በነካ እጁ ዓይኑን እንዳያሽና ሕፃን እንዳይስም ብቻ ይጠንቀቅ። ትኩሳቱ ግን ሌላ ነገር ያስጠይቀኛል፦ ባለቤትዎ ሰሞኑን ወደ መተሐራ፣ ወደ አዋሽ ወይም ወደ ሌላ ቆላ ወርዶ ነበር? ወርዶ ከነበረ ዛሬውኑ ለወባ ደሙን ይመርመር።