በብርድ አገር የሚግል ፕሮሰሰር

«በዚህ ብርድ ደግሞ ኮምፒውተር ይሞቃል እንዴ?» ደብረ ታቦር ውስጥ ኮምፒውተሬ እየሞቀ ጠፋብኝ ያለ ተማሪ መጀመሪያ የሚሰማው ይህንን ነው። ሰው ቢገርመው አይፈረድበትም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በታኅሣሥ ሌሊት ጋቢ ደርበን የምናጠና ልጆች ስለ ሙቀት ስናማርር ያስቃል። ይሁን እንጂ ውድ አንባብያን፣ ፕሮሰሰር የሚግለው በአገሩ አየር ሳይሆን በራሱ ሥራ ነው። የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል የሲሊከን ቁራጭ ላይ 84 ዋት ሲያልፍ ከድሮው ባለ 60 ሻማ አምፖል የበለጠ ሙቀት እዚያች ላይ ተከማቸ ማለት ነው። የበራ አምፖል በእጁ ነክቶ የሚያውቅ የቀረውን መገመት አያቅተውም።

84 ዋት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አራት ሆነን በተከራየነው ቤት ያለው ኮምፒውተር አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ነው። ማዘርቦርዱ ከነፕሮሰሰሩና ከነፋኑ ያገለገለ ዕቃ፣ ኬዙ ከሌላ ቦታ፣ ፓወር ሰፕላዩ ከአንድ ተመራቂ የተገዛ፤ የገጣጠምነው እኛው ነን። ድምፅም ምስልም የምናቀናብረው በሱ ነው። ባለፈው ሴሚስተር ስለ ጋፋት የሠራነውን የ12 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ወደ አንድ ፋይል ሊያወጣ ሲጀምር ሦስት ደቂቃ ሳይሞላው ድርግም ይላል። እንደገና፣ ድርግም። ማስረከቢያው ዓርብ ነበር፣ ቀኑ ማክሰኞ።

ጥገና ቤት ወሰድነው፤ «ፕሮሰሰሩ ተቃጥሏል፣ ቀይሩት» ተባልን። ዋጋው ለአራታችን የወር ቀለብ ነው። እዚህ ላይ የክፍል ትምህርታችን ጠቀመን ማለት እችላለሁ፤ በአንድ ምንጭ ብቻ ዜና አይሠራም። የተቃጠለ ፕሮሰሰር አሥር ደቂቃ አርፎ ተነሥቶ ወርድ አይከፍትም። የኛው ይከፍታል። ስለዚህ ሁለተኛውን ምንጭ፣ ማሽኑን ራሱን፣ ጠየቅነው።

አጠያየቁ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዴሊት ወይም ኤፍ 2 ቢጫኑ ባዮስ የሚባለው ገጽ ይከፈትና የፕሮሰሰሩን ሙቀትና የፋኑን ፍጥነት ያሳያል። ዊንዶውስ ውስጥ ደግሞ ኮር ቴምፕን የመሰለ ነጻ ፕሮግራም አለ። ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ ከ35 እስከ 50 ዲግሪ፣ በከባድ ሥራ እስከ 80 ቢደርስ አያስደነግጥም። 100 አካባቢ ሲጠጋ ፕሮሰሰሩ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያም ካልበቃው ሳይቃጠል በፊት ማሽኑን ያጠፋዋል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2001 ቶምስ ሃርድዌር ያሳየው ቪዲዮ ላይ ማቀዝቀዣው የተነሣለት አትሎን ፕሮሰሰር ወዲያው ሲጨስ፣ ራሱን ማዘግየት የሚችለው ፔንቲየም 4 ግን ሥራውን ቀጥሏል። እንግዲህ ድርግም ማለቱ ሞት ሳይሆን ራስን ማዳን ሊሆን ይችላል። መብራት ሲዋዥቅም ማሽን ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ግን አምፖሉም ብልጭ ድርግም ይላል፣ ፕሮሰሰሩም ቀዝቃዛ ነው።

ቁጥሩን ብቻ አይደለም፣ አወጣጡንም ማየት ያስፈልጋል። ለኔ ከሁሉ የጠቀመኝ ይሄ ነው። ሥራ ሲጀምር ሙቀቱ በሰከንዶች ውስጥ ዘልሎ 90 ከገባ፣ ፕሮሰሰሩና ከላዩ ያለው የብረት ማቀዝቀዣ (ሂትሲንክ የሚባለው) በደንብ አልተነካኩም። ቀስ እያለ በሃያ ደቂቃ ከወጣ ደግሞ ብረቱ ሙቀቱን ተቀብሏል፤ ግን አቧራ ወይም የደከመ ፋን አየሩን ከልክሎታል። የኛው ከ44 ተነሥቶ አሥር ሰከንድ ሳይሞላ 97 ገባ።

ወደ ብርዱ ጥያቄ ልመለስ። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 72 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ውኃ እዚህ በ91 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው፣ ሽምብራም ቶሎ አልበስል የሚለው ለዚሁ ነው። ፋን ደግሞ የሚገፋው በይዘት እንጂ በክብደት አይደለም፤ ያው ፋን ያንኑ ያህል ዙር ዞሮ የሚያሳልፈው አየር ስስ ስለሆነ የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። በምሳሌ እናስላው። ባሕር ዳርቻ አንድ ክፍል ውስጥ 25 ዲግሪ ቢሆንና ፕሮሰሰሩ 75 ቢደርስ ልዩነቱ 50 ነው። ከዚህ ውስጥ 10ሩ በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል፣ 40ው ከብረቱ ወደ አየር ሲወጣ የሚፈጠር ነው እንበል። እዚህ 40ው ወደ 50 ያድጋል። የክፍላችን ሙቀት 15 ዲግሪ ቢሆን፣ 15 እና 60 ስንደምር ያው 75! ብርዱ የሰጠንን ከፍታው መልሶ ወሰደው ማለት ነው። ብዙ አምራቾች ለዴስክቶፕ የሚፈቅዱት የመጨረሻ ከፍታ 3,048 ሜትር (10 ሺህ ጫማ) መሆኑንም ልብ ይሏል፤ ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት በገሳይ በኩል የሚያልፍ ሰው ወደዚያ ጣሪያ እየተጠጋ ነው።

(ፊልማችን ስለ ጋፋት ስለሆነ ትዝ ያለኝን ልጨምር። የአፄ ቴዎድሮስ ባለሙያዎች ሴባስቶፖልን ባቀለጡበት ቦታ ትንፋሽ እሳት ለማፋፋም ነበር የሚፈለገው፤ እኛ ከዚያው አጠገብ ለማቀዝቀዝ እንነፋለን።)

ወደ ጥገናው። ገመዱን ነቅሎ ማብሪያውን አንድ ጊዜ መጫን ያስፈልጋል፣ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ። ከዚያ ኬዙን መክፈት። የኢንቴል ማቀዝቀዣ አራት የላስቲክ እግር አለው፤ እያንዳንዱ እግር አናት ላይ በተሣለው ቀስት አቅጣጫ ሲዞር ይለቃል። የኛው ማሽን ምሥጢር እዚህ ተገኘ። ከአራቱ እግሮች አንዱ፣ በእርጅና ይሁን በመንገድ መንገጫገጭ፣ ከቀዳዳው ወጥቶ ብረቱ በአንድ ጎን ተንጋዷል። በመካከል የነበረው ተርማል ፔስትም እንደ ኖራ ደርቋል።

ተርማል ፔስት ለምን ያስፈልጋል? ሁለቱ ብረቶች ለዓይን ለስላሳ ቢመስሉም ጥቃቅን ጉድጓድ አላቸው፤ እዚያ ውስጥ አየር ይቀራል። የታሰረ አየር ምን እንደሚያደርግ ጋቢ የለበሰ ያውቃል፤ ሙቀት አያሳልፍም። መዳብ ሙቀት በማስተላለፍ አየርን 15 ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣል። ፔስቱ የአየሩን ቦታ ይይዛል፣ ይኸው ነው ሥራው። ስለዚህ ብዙ መቀባት አይጠቅምም፤ መካከል ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ በቂ ናት፣ ሲጫን ራሱ ይሰራጫል። አሮጌውን በአልኮል በነከረ ንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ በደንብ ማድረቅ ነው። የጥርስ ሳሙና ይተካዋል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ለቀናት ይሠራል፤ ከዚያ ውኃው ተንኖ ይደርቅና ወደ ነበርንበት ይመልሰናል።

ሲመለስ እግሮቹን ከቀስቱ በተቃራኒ አዙሮ፣ በሰያፍ፣ አንዱን ከዚያም ትይዩውን፣ ቀጭ እስኪል መጫን። ከማዘርቦርዱ ጀርባ አራቱም ጫፎች እኩል መውጣታቸውን ሳያዩ ኬዙን አይግጠሙ። የተሰበረ እግር ካለ እንዲሁ ይዞልኛል ማለት አይሆንም፤ እኛ ከማይሠራ አሮጌ ማቀዝቀዣ ላይ አንዱን ነቅለን ተካነው።

አቧራው ለብቻው ጉዳይ ነው። ኪራይ ቤታችን ውስጥ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ከሰሉም እዚያው ነው፤ ጭሱ አቧራውን አጣብቆ በብረቱ ክንፎች መካከል እንደ ብርድ ልብስ ያነጥፈዋል። በደረቅ የቀለም ብሩሽ ይለቃል። ጎሚስታ ቤት ወስደው በኮምፕሬሰር የሚያስነፉ አሉ፤ ፈጣን ነው፣ ግን ጋኑ ውስጥ ውኃ ስለሚጠራቀም መጀመሪያ ወደ መሬት አስነፍቶ ማየት፣ ፋኑንም እንዳይዞር በጣት መያዝ ይገባል። የኬዙን ጎን ከፍቶ መተው ለኔ አይዋጥልኝም፤ ለሳምንት ያቀዘቅዝና ለወር የሚበቃ አቧራ ያስገባል። ይልቅ ከወለል ላይ አንሥቶ በርጩማ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል።

ሐሙስ ማታ ፊልሙን አስጀመርነው። 71 ላይ ወጥቶ እዚያው ቆመ፤ በ26 ደቂቃ ውስጥ አለቀ።

ከቱቦው ውስጥ ለሦስት ወይም ለአራት ማሽን የሚበቃ ፔስት ተርፎናል። የትምህርት ክፍላችን ልጅ ሆኖ ማሽኑ ድርግም የሚልበት ካለ አልኮሉንና ጨርቁን ይዞ ይምጣ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነን።